ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ተቅማጥ

(አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የወረዳ አዳራሽ ለእናቶች፣ ለአያቶች፣ ለሞግዚቶችና ለሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ? በዚህ ዝናብ ልጅ አዝላችሁ፣ ገሚሶቻችሁም ከሥራ አስፈቅዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ልጃችሁን ሲያስቀምጠው ሰገራውን በትንሿ ዕቃ ይዛችሁ የምትመጡበት፣ ስማችሁ በመስኮት የሚጠራበት ክፍል ውስጥ ነው የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት። ዛሬ ከመስኮቱ ማዶ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት ነው። አንዲት አያት የልጃቸውን ልጅ አዝለው መጡ። ሕፃኑ ዓመት አልሞላውም። ከዋዜማው ጀምሮ ያስመልሰዋል፤ ሌሊቱን ደግሞ እንደ ውሃ ሲያስቀምጠው አድሯል። የዚያን ቀን ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሐኪም ዘንድ ሳይገቡ በፊት የሰገራ ምርመራ ታዘዘላቸው። አየሁት፤ ጥገኛ ተሕዋስ አልነበረም፤ እንደዚያው ጻፍኩ። እማማ ወረቀቱን ተቀብለው «ልጄ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። «እማማ፣ ምንም አልታየም» አልኳቸው። «ተመስገን! እንግዲያውስ ጥርሱ ነው» አሉና ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሐኪሙ ጋ አልተመለሱም። በማግስቱ ሲመጡ የልጁ እርግብግቢት ጎድጉዷል፣ ዓይኑ ገብቷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ ግሉኮስ ተተከለለትና ዳነ።

የጻፍኩት እውነት ነበር። የተናገርኩት ግን ሊገድል የሚችል ነገር ነበር። «ምንም አልታየም» ስል እኔ የማወራው ስለ መሣሪያዬ ነው፤ እሳቸው የሰሙት ስለ ልጃቸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቃል ብቻውን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።

እስቲ መሣሪያው ምን እንደሚያይ እንነጋገር። በየጤና ጣቢያው ያለው ማይክሮስኮፕ ሰገራውን 400 ጊዜ ያህል አጉልቶ ያሳያል። በዚህ ጉላት የወስፋት እንቁላል ይታያል፤ ጃርዲያ ይታያል፤ አሜባም ይታያል። ባክቴሪያም እንደ ነጥብና እንደ ጭረት ሆኖ ይታያል፤ ግን በጤነኛ ሰው ሰገራ ውስጥም ባክቴሪያ ሞልቷልና የትኛው ክፉ እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ለዚያ ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ማብቀል ያስፈልጋል፣ ማብቀል ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ቫይረስን በዚህ መሣሪያ ማየት ፈጽሞ አይቻልም፤ ብርሃን ራሱ ያን ያህል ትንሽ ነገር ለይቶ ማሳየት አይችልም። የሕፃናትን ከባድ ተቅማጥ ከሚያመጡት መካከል ግንባር ቀደሙ ደግሞ ቫይረስ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ዋናው ጥፋተኛ በማይታይበት መስኮት ቆመን ነው ለዓመታት «ምን ተገኘ?» ስንባባል የኖርነው።

ይህ ቫይረስ ሮታ ይባላል። ሮታ በላቲን መንኰራኵር ማለት ነው፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ ሆኖ ዙሪያውን የጎማ ቸርኬ ስለሚመስል ነው። እስከ 1973 ድረስ የብዙ ሕፃናት ተቅማጥ መነሻው አይታወቅም ነበር። በዚያ ዓመት (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው) አውስትራሊያ ሜልበርን ውስጥ ሩት ቢሾፕ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ተቅማጥ ከያዛቸው ልጆች ትንሹ አንጀት ላይ ቅንጣት ናሙና ወስደው በዚያ ትልቅ መሣሪያ ሲያዩ ቫይረሱን አገኙት። ሰገራው ውስጥ ብቻ ሲፈለግ የኖረውን አንጀቱ ግድግዳ ላይ ፈለጉት። ይህን ሥራ ባሰብኩ ቁጥር ለእኛ ሙያ ትልቅ ክብር ይሰማኛል።

ሮታ ምን ያደርጋል? የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ልሙጥ አይደለም። እንደ ፎጣ ነው፤ ጥቃቅን ጸጉር የመሰሉ ነገሮች አሉት፤ ምግብና ውሃ የሚመጠው በእነሱ ነው። ሮታ የእነዚህን ጫፍ ያወድማል። ፎጣው ሲመለጥ የሚመጥ ነገር ይጠፋል፤ ልጁ የጠባው ወተትም የጠጣው ውሃም ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በላይ ቫይረሱ ራሱ እንደ መርዝ የሚሠራ ነገር ይረጫል፤ እሱም ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ያስፈስሳል። ብዙውን ጊዜ ትውከትና ትኩሳት ይቀድማል፤ ተቅማጡ ይከተላል፤ ከ3 እስከ 8 ቀን ይቆያል። ጫፉ መልሶ ያድጋል፣ ልጁም ይድናል፤ ጥያቄው እስኪያድግ ድረስ ሰውነቱ ውስጥ ውሃ ይቆይለታል ወይ የሚለው ነው።

ንጹሕ ቤትም አያግደውም። በታመመ ልጅ አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ የሚወጣው ቫይረስ በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ሌላውን ልጅ ለማሳመም ግን 100 ያህል ይበቃዋል። መጫወቻ ላይ፣ በር እጀታ ላይ ለቀናት ይቆያል። የሕፃናት ማቆያ እህቶቼ ይህን የምላችሁ ልወቅሳችሁ አይደለም። አንድ ልጅ ታሞ አምስቱ ቢከተሉ ቸልተኛ ስለሆናችሁ ነው ማለት አይደለም። በሀብታም አገርም ልጆች ሁሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሮታን ያገኙት ነበር። ለዚህ ነው ክትባት ያስፈለገው። አገራችን በ2013 (በእኛ በ2006 መጀመሪያ ላይ) መስጠት ጀምራለች። በመርፌ አይደለም፣ በአፍ የሚሰጥ ነው፤ አንዱ በ6 ሳምንት፣ እናንተ የ45 ቀን በምትሉት፣ ሁለተኛው በ10 ሳምንት። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ ተሞክሮ በ2010 የወጣው ውጤት ከባዱን የሮታ ተቅማጥ ከመቶ 61 ያህል እንደቀነሰ ያሳያል። እንግዲህ «ተከትቦም አስቀመጠው» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሌሎች ተሕዋስያን አሉ፤ ሮታም ቢሆን ለተከተበ ልጅ ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። ለክትባት ሄዳችሁ ሰልፉ በዝቶ የተመለሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሰኞ ተመለሱ።

አሁን ደም ወዳለው ተቅማጥ ልምጣ። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሽጌላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ በ1897 ነው ያገኙት፤ ስሙም ከእሳቸው ነው። ይህኛው ውሃ በማፍሰስ ብቻ አይመለስም፤ ትልቁን አንጀት ገብቶ ያቆስላል። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ያምጣል፤ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ግን ደምና ንፍጥ አለበት። ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ብቻ ሰው ማሳመም ይችላል፤ ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ግቢያችንን አስቡት፤ ለስምንት ቤት አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ መወርወሪያ። ውሃ ደግሞ የለም። የእጁ እጥበት ከመጸዳጃው በር ውጭ ካልሆነ መወርወሪያውን የነካ ሁሉ ይካፈላል። ደም ካያችሁ ቤት አትቆዩ፣ እኔም ጋ ወረፋ አትያዙ፤ ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ግቡ። አንቲባዮቲክ በእርግጥ የሚያስፈልገው ተቅማጥ ይህ ነው።

በተረፈ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አለ፤ ሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ ግን መርዝ ያመነጫል። በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል፤ በተለይ ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ በተቀመጠ ገንፎና በጡጦ። ጡጦን ማጽዳት ከባድ ነው፤ የጡቱ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ወተት ለባክቴሪያ ማሳ ነው። ከቻላችሁ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ከዚያ በኋላም በጡጦ ፈንታ በሲኒና በማንኪያ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ የሚጠራው ስም ግን አሜባ ነው። «አሜባ አለብኝ» የማይል የአዲስ አበባ ሰው አላውቅም። ልጅ ሲያስቀምጠውም መጀመሪያ የሚባለው «አሜባ ይሆናል» ነው፤ ቀጥሎ ፋርማሲ፣ ቀጥሎ ሜትሮኒዳዞል። ይህ ያሳስበኛል፤ ጥፋቱም የእኛ የባለሙያዎቹ ጭምር ነው። በሰገራ ውስጥ የሚታይ ነጭ የደም ሕዋስ ለደከመ ዓይን አሜባ ይመስላል። ከዚያም አልፎ በሽታ የሚያመጣውን አሜባ ፈጽሞ የሚመስል፣ ምንም የማያደርግ ሌላ አሜባ አለ፤ ሁለቱን በእኛ ማይክሮስኮፕ መለየት አይቻልም፣ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ካልተገኘ በቀር። በትንንሽ ልጆች ላይ ትክክለኛው አሜባ ተቅማጥ ማምጣቱ ከስሙ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር፤ በአፍሪካና በእስያ ሰባት ቦታዎች ከባድና መካከለኛ ተቅማጥ ያለባቸውን ከ9,000 በላይ ሕፃናት ከጤነኛ ልጆች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ኢትዮጵያ ከሰባቱ አልነበረችም፤ ኬንያ ግን ነበረች። ከፊት የተሰለፉት አራቱ ሮታ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ መርዛም ኢ. ኮላይና ሽጌላ ናቸው። አሜባ ከአራቱ መካከል የለም።

ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚለው ስም አዲስ እንደሚሆንባችሁ አውቃለሁ። እሱም ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ግን ከጃርዲያ በጣም ያንሳል፤ ልዩ ቀለም ካልተቀባ እኔም አላየውም። በተለይ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውንና የተጎሳቆሉትን ያጠቃል፤ ተቅማጡ ይንዛዛል፤ ልጁ ክብደት ያጣል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ክሎሪን አይበግረውም። በ1993 አሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ በቧንቧ ውሃ ገብቶ 400,000 ያህል ሰው አሳምሟል፤ ውሃው ክሎሪን ነበረው። ስለዚህ ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጠብ ማድረጋችሁ ለብዙው ጥሩ ነው፣ አትተዉት፤ ሕፃኑ የሚጠጣውን ግን አፍሉት፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም በፈላ ውሃ ይሞታል። ተቅማጥ 14 ቀን ከደፈነ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስም ከጠራሁ በኋላ የመጣሁበትን ነገር ልናገር። ደም ከሌለው፣ ካልተንዛዛ፣ ኮሌራም ካልጠረጠራችሁ የተሕዋሱ ስም ለልጃችሁ አያስፈልገውም። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ440,000 በላይ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ከሰውነታቸው የወጣው ውሃና ጨው ነው። ስሙ ሮታ ሆነ ኢ. ኮላይ የሚወጣው ያው ውሃ ነው፤ መመለሻውም አንድ ነው። እናት መስኮቴ ላይ ቆማ «ምን ተገኘበት?» ብላ ስትጠይቀኝ «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሸና? ስንት ሲኒ ጠጣ?» ብዬ መልሼ መጠየቅ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

መመለሻው ኦ.አር.ኤስ ነው፤ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ እናቶች ለምለም የሚሉት። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ እንደ መድኃኒት አይቆጠርም። «ያችን ዱቄት ብቻ ሰጡኝ» እየተባለ ሲታማ ሰምቻለሁ። ታሪኩን ብታውቁት አታሙትም። አንጀታችን ግድግዳ ላይ ጨውና ስኳር ተያይዘው ብቻ የሚገቡበት በር አለ፤ ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። ያ በር ተቅማጥ ላይ ባለ አንጀትም አይዘጋም። በ1971 በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ፣ ቦንጋኦን በሚባል ቦታ፣ ስደተኞቹ መሐል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ደረሰ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ እያስበጠበጡ ቤተሰቡ ራሱ በሽተኛውን በኩባያ እንዲያጠጣ አደረጉ። ከመቶ 30 ያህል ሲሞቱ የነበሩት በዚህ ሲታከሙ ወደ 3.6 ወረዱ። ያጠጡት እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ነበሩ። እኛም ከተማ፣ በእኛው አቆጣጠር በ2008 ክረምት፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲገባ መጀመሪያ የተያዘው ይኸው ዱቄት ነው።

አበጠባበጡ ላይ ግን ብዙ ስህተት አያለሁ። አንዱ ከረጢት 20.5 ግራም ነው፤ ለ1 ሊትር ውሃ ነው የተመዘነው። ባለ ግማሽ ሊትሩም ስለሚገኝ ጀርባውን አንብቡ። ግማሹን ከረጢት በአንድ ብርጭቆ በጥብጠው የሚሰጡ አሉ፤ ያ ጨው ይበዛበታል፤ ልጁን የባሰ ያደርቀዋል፤ አንጎሉንም ሊጎዳ ይችላል። ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስኳር አትጨምሩ፤ በለስላሳ መጠጥም አትተኩት፤ የለስላሳ ስኳር ብዛቱ ውሃን ወደ አንጀት ይስባል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በተቅማጠ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ያለው እጥፉን። በሻይ ማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና ይበልጥ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ፤ «አይቀበልም» ብላችሁ አትተዉት። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሌሊት ከሆነ በተራ ተቀመጡለት። አባቶችም፣ እባካችሁ።

ከዚህ ጋር ዚንክ ይሰጣችኋል፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ 6 ወር ላልሞላው ግማሹ፣ ለ10 ቀን። ኪኒኑን በማንኪያ ላይ በታለበ ጡት ወይም በውሃ አሟሙታችሁ ስጡት። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ቀሪውን የምትተዉ አላችሁ። አትተዉት፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ይቀንሳል። ማቆሚያ ኪኒን ግን ለሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ አንጀቱን ያስራል እንጂ ውሃውን ወደ ሰውነት አይመልስም።

ምግብም አትከልክሉት። «አንጀቱ ይረፍ» የሚባለው ነገር ከልብ ከመራራት የመጣ ነው፤ ግን ፎጣው መልሶ የሚያድገው በምግብ ነው። ጡት በብዛት፤ ለትልልቆቹ ገንፎ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ሩዝ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ።

ስለ ጥርስና ስለ እንጥል ሳልናገር ብሄድ ሥራዬን ግማሽ አደረግሁ ማለት ነው። አያቶቼን አከብራለሁ፤ የያዙትን ሁሉ አልንቅም፤ በዚህ አንድ ነገር ግን አልስማማም። ልጅ ጥርስ የሚያበቅለው መዳህ ሲጀምር፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ሲከት፣ ተጨማሪ ምግብም ሲጀምር ነው። ሁለቱ ስለተገናኙ ጥርሱ ተወቀሰ። የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጥ አያቆምም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «ውሃ በፈረቃ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ለገዳዲም ሆነ ገፈርሳ ተጣርቶ የሚወጣው ውሃ ከጣቢያው ሲነሣ ንጹሕ ነው። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግን ግፊቱ ይጠፋል፤ በተሰነጠቀበት በኩል የውጭ ፍሳሽ ሊገባበት ይችላል፤ በክረምት ቀበናና ግንፍሌ ሲሞሉ ደግሞ ያ ፍሳሽ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከቆየ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ይሁን፤ የሚጠጣው ጠርቶ ሲወርድ ይቀዳ። ጄሪካኑን ሳያጥቡ ዓመት መጠቀም፣ ኩባያ ይዞ እጅን እስከ ክንድ ባልዲ ውስጥ መክተት፣ ይህ ነው ጥሩውን ውሃ ቤት ውስጥ የሚያበላሸው። ከቧንቧው የሚገኘው ውሃ ትንሽም ቢሆን ለእጅ የሚሆን ሳሙናና አንድ ጆግ አስቀሩለት፤ እጅ መታጠብ ብቻውን ተቅማጥን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። የሕፃን ዓይነ ምድር «ንጹሕ ነው» ተብሎ ፖፖው ቦይ ላይ እንዳይደፋ፤ ከአዋቂው ቢብስ እንጂ አያንስም።

መቼ ትሮጣላችሁ? መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልስ፣ ሲዝለፈለፍ ወይም ለማንቃት ሲያስቸግር፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ሲገባ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቀስ እያለ ሲመለስ፣ ደም ሲታይ። የኮሌራ ምልክት የሆነውን የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ ካያችሁ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤታችሁም ስትሉ በዚያው ሰዓት አሳውቁ። መንገድ ላይም ኦ.አር.ኤሱ አይቋረጥ፤ ታክሲ ውስጥ ማንኪያና ብርጭቆ ይዛችሁ ግቡ።

ብዙ አወራሁ። አሁን በእጅ እንሥራው። ይህ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ነው፤ ውሃው ማታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ከረጢቱን እስከ መጨረሻው እገለብጣለሁ፤ ጥግ ላይ የቀረችውም ትግባ። እያያችሁ ነው? ክዳኑን ዘግቼ እነቀንቃለሁ። ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ማለት የለበትም። እማማ፣ እርስዎ ነጠላ የለበሱት፣ ወደዚህ ቀረብ ይበሉና ይቅመሱልኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን እርስዎ ይበጠብጡታል።